ፑሌጃዋ ትቆይ፦ ሱፐርቻርጀር ያለውን መኪና በቤት አሻሽሎ ማስተካከል

ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው መኪና እጁ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሱፐርቻርጀሩን ይበልጥ በፍጥነት የምታዞረው ትንሿ ፑሌጃ ላይ ነው። ከሌላው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ናት፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ትገጠማለች፣ የግፊት ጌጁም መርፌ ወዲያው ከፍ ይላል። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት። ፑሌጃዋን በቀየርኩ በሦስተኛው ሳምንት የ3ኛው ሲሊንደር ፒስተን ፋሻ መያዣው ላይ ተሰብሮ ሞተሩ ወረደ። ፑሌጃዋ አልበደለችም። የበደለው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጨረሻ መምጣት የነበረበትን መጀመሪያ አደረግኩት። ከዚህ በታች ያለው ያንን ሞተር ሁለተኛ ስሠራ የተከተልኩት አካሄድ ነው።

የማወራው በዋናነት ስለ ሩትስ ዓይነት (በሁለት ሮተሮች አየር የሚገፉ) ሱፐርቻርጀሮች ነው፤ ማለትም እንደ ኢተን ኤም45፣ ኤም62 እና ኤም90 ያሉት። ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ዙር የሚገፉትን አየር በኪዩቢክ ኢንች ይናገራል። ኤም62 በዙር 1 ሊትር ያህል፣ ኤም90 ደግሞ 1.5 ሊትር ያህል ይገፋል። የእናንተ ሴንትሪፉጋል (በሚሽከረከር ክንፋማ ጎማ አየር የሚገፋ) ከሆነ አብዛኛው ያው ነው፤ ልዩነቱ ግፊቱ ከሞተሩ ዙር ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ አስጊው ቦታ ላይኛው ዙር መሆኑ ነው። ሩትስ ግን ከታች ጀምሮ ሙሉ ግፊቱን ስለሚሰጥ ሞተሩን የሚያስጨንቀው መሃል ላይ፣ የማዞር ጉልበቱ (ቶርኩ) ጫፍ በሚደርስበት ዙር ነው።

መርፌው የሚለካው ምንድን ነው

የግፊት ጌጅ የሞተሩን ጉልበት አይለካም። የሚያሳየው ሱፐርቻርጀሩ ገፍቶ ሞተሩ ሊውጠው ያልቻለውን፣ መግቢያው ውስጥ የተጨናነቀውን አየር ነው። ለዚህ ነው የተሻለ የጭስ መውጫ የገጠመ ሰው መርፌው ዝቅ ብሎ ሲያይ የሚደነግጠው። አየሩ በቀላሉ ስላለፈ ነው የወረደው፤ መኪናው ግን ፈጥኗል።

ሁለተኛው ማታለያ ሙቀት ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። 25 ዲግሪ የነበረ አየር በ60 በመቶ ቅልጥፍና ወደ 0.5 ባር፣ ማለትም 7 ፒኤስአይ ገደማ ቢጨመቅ 86 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ግፊቱ በ50 በመቶ ሲያድግ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በክብደት የሚያድገው በ25 በመቶ ብቻ ነው። ያንኑ አየር በኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር በሚያበርድ ራዲያተር) ወደ 45 ዲግሪ ብታወርዱት ትርፉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ፑሌጃ አልተነካም፣ መርፌው አልተንቀሳቀሰም። እንዲያውም ኢንተርኩለሩ ራሱ ትንሽ ስለሚያፍን መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል።

ደረጃ 1፦ የሞተሩን ጤና ማወቅ

የደከመ ሞተር ላይ ግፊት መጨመር መሞቻውን ማፋጠን ነው። ሞተሩን አሙቁ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ፣ የነዳጅ ፓምፑንና የኮይሉን መስመር አቋርጡ፣ ስሮትሉን እስከ መጨረሻው ክፈቱና የኮምፕረሽን መለኪያውን በየሲሊንደሩ አስገብታችሁ አስነሱ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ ቁጥሩ ይዋሻል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ መቀራረቡ ነው የሚታየው። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ እዚሁ ቁሙ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ደግሞ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የክራንክ ኬዝ መተንፈሻውን ነው። ያለ ሱፐርቻርጀር የተሠራ ሞተር መተንፈሻው በቀጥታ ከአየር መግቢያው ጋር ተያይዟል። መግቢያው ግፊት ሲኖረው አየሩ ወደ ኋላ ሄዶ የዘይት ማጠራቀሚያውን ይነፋዋል፣ ዘይት መከላከያዎቹም ማንባት ይጀምራሉ። በመስመሩ ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ መኖሩን፣ ካለም መሥራቱን በአፋችሁ ነፍታችሁ አረጋግጡ።

የደህንነቱን ነገር ባጭሩ ልበል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። የነዳጅ መስመር ከመፍታታችሁ በፊት ግፊቱን አውጡ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ።

ደረጃ 2፦ ራሱን ሱፐርቻርጀሩን መፈተሽ

ቺንጋውን አውጡና ፑሌጃዋን በእጃችሁ አዙሩ። ያለ መንተክተክ፣ ለስላሳ ሆና መዞር አለባት። ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘች ኩሽኔታው አልቋል። ሚኒሞ ላይ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፑሌጃዋንና ማርሾቹን የሚያገናኘው ትንሹ ኮፕለር ነው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቀይሩት።

እነዚህ ሱፐርቻርጀሮች አብዛኞቹ ከሞተሩ የተለየ የራሳቸው ዘይት አላቸው። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። የሞተር ዘይት አትጨምሩበት፤ ለሱፐርቻርጀር ተብሎ የተዘጋጀውን ተጠቀሙ፣ ከምልክቱም አታስበልጡ። ሮተሮቹ ላይ የዘይት እርጥበት ካያችሁ መከላከያው እያለቀ ነው። ሮተሮቹን በብረት አትፋቁ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፣ ሽፋናቸው ከተላጠ የሚያጨምቁት አየር ወደ ኋላ ያመልጣል።

ባይፓስ ቫልቩን ከዘለላችሁት በኋላ ትቆጫላችሁ። ሥራው በሚኒሞና በዝግታ ጉዞ ጊዜ አየሩ ሱፐርቻርጀሩን ዞሮ እንዲመለስ ማድረግ ነው። የሚከፍተው የሞተሩ ቫኩም ነው። ትንሿ ጎማ ቱቦው ከተሰነጠቀች አይከፈትም፤ መኪናው በጸጥታ እየሄደ እንኳ አየሩን ያበስላል። ምላሱ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ ደግሞ ግፊት ይጎድላል፣ እናንተም ፑሌጃ ፍለጋ ትወጣላችሁ። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ሁለት ፑሌጃ ቀይሯል።

ደረጃ 3፦ ዓይንና ጆሮ መትከል

ሳይለኩ ማስተካከል የለም። ቢያንስ እነዚህ ያስፈልጋሉ፦ ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር (የነዳጁንና የአየሩን ምጥጥን ከጭሱ በሰፊ ክልል የሚለካ)፣ ግፊት ማንበብ የሚችል የማፕ ሴንሰር (የአየር መግቢያውን ግፊት የሚለካ)፣ ከሱፐርቻርጀሩና ከኢንተርኩለሩ በኋላ የተቀመጠ የአየር ሙቀት ሴንሰር፣ የነዳጅ ግፊት መለኪያ እና ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት መስመር የሚመዘግብ ላፕቶፕ።

ፋብሪካው የገጠመው ጠባብ ኦክስጅን ሴንሰር ላምዳ 1 (ነዳጁና አየሩ ልክ የተመጣጠኑበት ነጥብ፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጅ የበዛበት፣ ወፍራም፣ ከ1 ሲበልጥ ቀጭን ነው) አካባቢ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሙሉ ጉልበት ጊዜ የምንፈልገው ከ0.78 እስከ 0.82 ስለሆነ እሱን ማመን ዓይን ጨፍኖ እንደ መንዳት ነው። እንደ ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ያለ ዋይድባንድ ግጠሙ። ቦታው የጭስ መውጫዎቹ ከተገናኙ በኋላ፣ ከካታሊስት በፊት ነው፤ ሴንሰሩ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይተከል፣ ያለበለዚያ የሚጠራቀም ውሃ ይሰብረዋል። ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ጭስ ውስጥ ከተቀመጠም ይበላሻል።

ተፈጥሯዊ አየር ለሚስብ ሞተር የተሠራ የማፕ ሴንሰር ከከባቢ አየር በላይ ሲሆን ጫፉ ላይ ይቆማል፤ ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) ግፊት መኖሩን አያውቅም። ባለ 2.5 ወይም ባለ 3 ባር ያስፈልጋችኋል። መኪናችሁ አየርን በማፍ ሴንሰር (የሚገባውን አየር መጠን በቀጥታ በሚለካ) የሚለካ ከሆነ ደግሞ ባይፓሱ የሚመልሰው አየር ከማፉ በኋላ መግባቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ አንዱ አየር ሁለቴ ይቆጠራል።

ጌጁና ኢሲዩው የሚናገሩት ቋንቋም ይለያያል። ጌጁ ከባቢ አየርን ዜሮ ብሎ ይጀምራል፣ ኢሲዩው ግን ፍጹም ግፊት ነው የሚያነብ። ከባቢ አየር በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በ2000 ሜትር ከፍታ ወደ 80 ይወርዳል። ስለዚህ ደጋ ላይ የተስተካከለ መኪና ቆላ ሲወርድ ማንም ነክቷቸው የማያውቅ የኢሲዩው የነዳጅና የታይሚንግ ሠንጠረዥ ሕዋሶች ውስጥ ይገባል። እነዚያን ሕዋሶች ቀድማችሁ በወፈረ ነዳጅና በዘገየ ታይሚንግ (ካንዴላው ብልጭ በሚልበት ጊዜ) ሙሏቸው።

ለጆሮ ደግሞ፦ አንድ ቁራጭ የመዳብ ቱቦ ጫፉን ቀጥቅጣችሁ ቀዳዳ አውጡለት፣ ማንኳኳትን ከሚሰማው የኖክ ሴንሰር አጠገብ ባለ ቡሎን ሞተሩ ላይ እሰሩት፣ በሌላኛው ጫፍ ጎማ ቱቦ ሰክታችሁ ከጆሮ መከላከያ ጋር አገናኙ። ሞተሩ ሲያንኳኳ (የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ ያለጊዜው በራሱ ሲፈነዳ) ጠጠር ጣሳ ውስጥ እንደተናጠ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። በማይክሮፎን የምትሠሩ ከሆነ የት እንደምትፈልጉት ይህ ስሌት ይነግራችኋል፦ 573ን በሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር አካፍሉ። ለ86 ሚሊሜትር 6.7 ኪሎኸርዝ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ነዳጁ ይበቃል ወይ

ሱፐርቻርጀር ያለው የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6.3 ሲሲ ያህል ነዳጅ ይፈልጋል። ግባችሁ 250 የፈረስ ጉልበት ከሆነ 250 ሲባዛ 6.3፣ 1575 ሲሲ በደቂቃ ይሆናል። ለ4 ሲሊንደር ሲካፈል 394። ኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን) ከ80 በመቶው ጊዜ በላይ ክፍት ማድረግ ስለማይገባ በ0.8 አካፍሉት፤ 492 ሲሲ። ስለዚህ 500 ሲሲ ኢንጀክተር ይበቃል፣ 270 ሲሲው ግን ወደ 137 የፈረስ ጉልበት ሲደርስ አቅሙ ያልቃል።

80 በመቶው ለቅንጦት አይደለም። በ6500 ዙር አንድ ሙሉ ኡደት 18.5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ኢንጀክተሩ ለመክፈትና ለመዝጋት ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ከ80 በመቶው ጥቂት ካለፈ ዘግቶ ሳይጨርስ ድጋሚ ይከፈታል፣ የሚረጨውም መጠን ከትእዛዝ ይወጣል።

የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን ቱቦ ከአየር መግቢያው ጋር አገናኙት፤ መግቢያው 0.5 ባር ሲጨምር የነዳጁም ግፊት እኩል 0.5 ባር መጨመር አለበት። ካልጨመረ ግን ኢንጀክተሩን የሚገፋው ልዩነት ከ3 ወደ 2.5 ባር ይወርዳል፣ ነዳጁም ወደ 9 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህ የሚሆነው ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ፓምፑም ግፊቱ ሲጨምር የሚሰጠው መጠን ስለሚቀንስ የፓምፑን አቅም በሙሉው ግፊት ላይ እዩ እንጂ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር አትታለሉ።

ደረጃ 5፦ ካንዴላና ሙቀት

ለየ75 እስከ 100 ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይመከራል። እዚህ ወጥመድ አለ፦ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ በቦሽና በቻምፒዮን ደግሞ ቁጥሩ ሲያድግ ይሞቃል። ክፍተቱን ከ1.1 ወደ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊሜትር አጥብቡ፤ የተጨመቀ ድብልቅ ብልጭታውን ስለሚያፍነው ሰፊ ክፍተት ካለ ሞተሩ በግፊት ጊዜ ይደናቀፋል።

የውሃ ኢንተርኩለር ካላችሁ ፓምፑ ሁልጊዜ መዞሩን፣ በመስመሩ ውስጥም የታፈነ አየር አለመኖሩን እዩ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ መኪናውን 15 ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ የመግቢያና የመውጫ ቱቦዎቹን ዳሱ። ሁለቱም እኩል ከሞቁ ወይም አንዱ በረዶ ሆኖ ሌላው ከፈላ ውሃው እየዞረ አይደለም፣ አለዚያም ከፊት ያለው ራዲያተር አየር አያገኝም።

ደረጃ 6፦ በነባሯ ፑሌጃ ማስተካከል

ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኢሲዩው ውስጥ ያለውን ፋይል አውጥታችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ኢሲዩው የሚያስበው ታይሚንግና ክራንክ ሻፍቱ ላይ ያለው እውነት አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በሶፍትዌሩ ታይሚንጉን 10 ዲግሪ ላይ ቆልፉና በታይሚንግ መብራት ፊት ያለውን ምልክት እዩ፤ አንዴ በሚኒሞ፣ አንዴ በ4000 ዙር። ምልክቱ ከዙሩ ጋር እየሸሸ ከሄደ ማስተካከያውን አርሙ። ይህን ሳያደርጉ የታይሚንግ ሠንጠረዥ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ የነሱ 20 ዲግሪ 26 ሊሆን ይችላል።

ኢንጀክተር ከቀየራችሁ መጠኑንና የመክፈቻ መዘግየቱን በየባትሪ ቮልቴጁ አስገቡ። በ14 ቮልት 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ ትክክለኛውን ከአምራቹ ሰነድ ውሰዱ። ሚኒሞው መብራት ስታበሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይህ ቁጥር ተሳስቷል።

ከዚያ ሚኒሞ፣ ከዚያ የዝግታ ጉዞ፣ ላምዳ 1 ላይ። የነዳጅ ሠንጠረዡን የማረሚያ ስሌት አንድ ነው፦ የነበረው ቁጥር ሲባዛ የተለካው ላምዳ፣ ሲካፈል የምትፈልጉት ላምዳ። ሕዋሱ ላይ 92 ቢኖር፣ ዋይድባንዱ 0.86 ቢያነብ፣ እናንተም 0.80 ብትፈልጉ አዲሱ ቁጥር 98.9 ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩን ራስ-ማረሚያ ሳታጠፉ ግን አትለኩ፤ እናንተ ስታርሙ እሱም ያርማል፣ ተጠላልፋችሁ ትቀራላችሁ።

ወደ ግፊት ከመግባታችሁ በፊት ማቋረጫዎችን ትከሉ። ግፊቱ ከምትጠብቁት በ20 ኪሎፓስካል ካለፈ ነዳጅ ይቆረጥ። ከ120 ኪሎፓስካል በላይ ላምዳው ከ0.88 ከቀጠነ ይቆረጥ። እነዚህ ሁለት መስመሮች ቢኖሩኝ ያ ፒስተን ዛሬም ነበረ።

የታይሚንግ መነሻዬ ይህ ነው፦ ያለ ግፊት፣ 100 ኪሎፓስካል ላይ ካለው ቁጥር ለእያንዳንዱ ፒኤስአይ 1 ዲግሪ ቀንሱ። 28 ዲግሪ ከነበረ በ7 ፒኤስአይ 21 ይሆናል። የማዞር ጉልበቱ (የቶርኩ) ጫፍ ባለበት ዙር አካባቢ ተጨማሪ 2 ዲግሪ አንሱለት። የመግቢያው አየር ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ለየ10 ዲግሪው ሌላ 1 እስከ 2 ዲግሪ የሚቀንስ ሠንጠረዥ ጨምሩ። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ሞተር ከሞተር፣ ነዳጅ ከነዳጅ ይለያያል። ስታስተካክሉ ጋኑ ውስጥ የነበረውን የኦክቴን ቁጥር ፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ያነሰ ነዳጅ ስትቀዱም ያንን ፋይል አትጠቀሙ።

ሙከራው በዳይኖ (መኪናው ባለበት ቆሞ ጉልበቱ በሚለካበት ማሽን) ላይ ወይም በዝግ ትራክ ነው፣ በሕዝብ መንገድ አይደለም። አንድ ሰው ይነዳል፣ አንድ ሰው ላፕቶፑን ያያል። በ3ኛ ማርሽ ከ2500 እስከ 4000 ዙር ሙሉ ነዳጅ፤ ቁሙ፣ ምዝገባውን አንብቡ። ቀጥሎ እስከ 5000። ቀጥሎ እስከ መጨረሻው። በየመሃሉ ሞተሩን አብርዱ፤ ሦስት ሙከራ ያለ ዕረፍት ካደረጋችሁ በሦስተኛው የምታነቡት የሙቀቱን ውጤት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ መጀመሪያ ነዳጁን ጨርሱ፣ ከዚያ ታይሚንግ።

ታይሚንጉን በ1 ዲግሪ ከፍ ስታደርጉ መኪናው ጉልበት ካልጨመረ ያቺን ዲግሪ መልሱ። አልተንኳኳም ማለት ቦታው አለ ማለት አይደለም። ማንኳኳት ከሰማችሁ ወዲያው እግር ማንሳት፣ 3 ዲግሪ መቀነስ፣ ከዚያም ምክንያቱን መፈለግ፤ ሙቀቱ ነው? ላምዳው ቀጥኖ ነበር? የነዳጁ ግፊት ወርዶ ነበር? ምዝገባው ላይ ይኖራል።

ደረጃ 7፦ አሁን ፑሌጃዋ

ምዝገባችሁ ሙሉ ጉልበት ላይ የኢንጀክተሩ መክፈቻ ከ70 በመቶ በታች፣ የአየሩ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች፣ የነዳጁ ግፊት ቀጥ ያለ መሆኑን ካሳየ ቦታ አላችሁ። ካላሳየ ጉድለቱን አሟሉ።

የሱፐርቻርጀሩ ፍጥነት የክራንኩ ፑሌጃ ስፋት በሱፐርቻርጀሩ ፑሌጃ ስፋት ተካፍሎ፣ በሞተሩ ዙር ተባዝቶ ይገኛል። የክራንኩ 150፣ የሱፐርቻርጀሩ 85 ሚሊሜትር ቢሆን 1.76 እጥፍ ነው፤ በ6500 ዙር 11,470 ይዞራል። ወደ 75 ሚሊሜትር ብትወርዱ 13,000 ይሆናል፣ የሚገፋውም አየር በ13 በመቶ ይጨምራል። አምራቹ ለእናንተ ሞዴል የፈቀደውን ጣሪያ አትለፉ። ወደዚያ ሲጠጋ ቅልጥፍናው ይወርዳል፣ ሱፐርቻርጀሩ አየር ማሞቂያ ይሆናል፤ ለመዞርም ከክራንኩ የሚበላው ጉልበት ይበዛል።

የድሮዋን ከመንቀላችሁ በፊት ከዘንጉ ጫፍ እስከ ፑሌጃዋ ፊት ያለውን ርቀት በካሊፐር ለክታችሁ ጻፉ። ለዚሁ ሥራ በተሠራ መንቀያ ብቻ ንቀሉ። በመዶሻ መምታት ዱካው ኩሽኔታውና ሮተሮቹ ላይ ይደርሳል፤ ጠርዟን በሦስት ጥፍር መንቀያ መያዝም ያጣምማታል። አዲሷን በመግጠሚያ ቡሎን እየጫናችሁ የጻፋችሁት ርቀት ላይ አቁሙ፣ ከሌሎቹ ፑሌጃዎች ጋር ቀጥ ማለቷን በቀጥ ያለ ብረት እዩ።

ፑሌጃዋ 10 ሚሊሜትር ስትቀንስ ቺንጋው በግምት 16 ሚሊሜትር ማጠር አለበት፤ ግማሽ ዙሪያዋን ብቻ ስለሚያቅፍ። ትንሽ ፑሌጃ ቺንጋውን የምትይዝበት ቦታም ትንሽ ነው፤ መንሸራተቱ ምዝገባው ላይ ግልጽ ነው፦ ግፊቱ ከዙሩ ጋር ይወጣና ከአንድ ቦታ በኋላ ዙሩ እየጨመረ ግፊቱ ይወርዳል። ኮፈኑን ስትከፍቱ ጥቁር የጎማ ብናኝ ታገኛላችሁ። መፍትሔው መወጠሪያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ አይደለም፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል፤ ቺንጋው ፑሌጃዋን ይበልጥ እንዲያቅፍ የሚያደርግ ተጨማሪ አቅጣጫ ማስያዣ ፑሌጃ ነው።

ከዚያ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። አዲሱ ግፊት የሚያርፍባቸው ሕዋሶች ባዶ ናቸው፤ ካለፈው ረድፍ ቁጥር ነዳጁን 5 በመቶ አወፍራችሁ፣ ታይሚንጉን 2 ዲግሪ አዘግይታችሁ ጀምሩ፣ ማቋረጫውንም ወደ አዲሱ ግፊት አስጠጉ። ከመጀመሪያዎቹ ሙሉ ሙከራዎች በኋላ ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ነጩን ሸክላ በአጉሊ መነጽር እዩ። ጥቁር ነጥብ ማንኳኳት ነበረ ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካያችሁ ግን አሉሚኒየም ነው፣ ከፒስተኑ የመጣ፤ ያን ቀን መኪናው በተጎታች ወደ ቤት ይመለስ።